ባቡሩ የተዋት የአዋሽ ጣቢያ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ

ስለ አሮጌው ምድር ባቡር ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሱት ለገሃርና ድሬዳዋ ናቸው። መሐል ላይ ስላሉት ትንንሽ ጣቢያዎች የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር። የእነዚህ ከተሞች ሕይወት በባቡሩ ሰዓት ነበር የሚሄደው። ባቡር ሲመጣ ገበያው ይቆማል፣ ሲሄድ ይበተናል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ባቡሩ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ባቡሩ ሲመረቅ ደግሞ አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ወጣ ብለው ተሠሩ። እኔ ማየት የፈለግኩት ወደ ኋላ የቀሩትን ነበር። በተለይ አዋሽን።

አዋሽን የመረጥኩት በአክስቴ ምክንያት ነው። ያደገችው እዚያው ጣቢያ ሥር ነው። በልጅነቷ ለተሳፋሪ ብርቱካንና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። ካደገች በኋላ ከድሬዳዋ ልብስ እያመጣች በባቡር ነግዳለች። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ወደዚያ ሄዳ አታውቅም። በየካቲት 2011 ዓ.ም. አብረን ሄድን።

የካቲት 14፣ ሐሙስ፦ ከቃሊቲ እስከ መተሐራ

ከቃሊቲ መናኸሪያ እስከ አዳማ በሚኒባስ ለሰው 45 ብር ከፈልን። ፈጣን መንገዱ ጥሩ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም። ሞጆ ስንደርስ ግን ወደ ደረቅ ወደቡ የሚጎርፉት የጭነት መኪኖች ዓይን ይይዛሉ። አሮጌውን ባቡር ከገበያ ካስወጡት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ሐዲዱ ቀጭን ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። ድልድዮቹ አረጁ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ባቡሩ ከመስመር እየወጣ አስቸገረ። ነጋዴውም ዕቃውን ከፉርጎ አውርዶ መኪና ላይ ጫነ።

ከአዳማ በቅጥቅጥ ቀጠልን። ወለንጪቲን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፉን ጎማ ሲያወርዱት እሱም ንፋስ የለውም። ረዳቱ በሚያልፍ አይሱዙ ተሳፍሮ ጎማ ሊያስነፋ ወደ ኋላ ተመለሰ። እኛ ግራር ሥር ቁጭ አልን። ፀሐዩ ከረፋዱ ጀምሮ ይጋረፋል። አንዲት እናት ከዘንቢሏ ቆሎ አውጥታ ለሁሉም አደለች። አክስቴ በዚህ መሐል ሜዳውን እያየች፣ "አሁን ባቡር ቢሆን እኮ ሐዲዱ ላይ ቆመን ዘፈን ተጀምሮ ነበር" አለች። ባቡሩ ሜዳ ላይ ሲቆም ሰው ወርዶ ሻይ ያፈላ እንደነበር ነገረችኝ። ጉዞው ቀኑን ሙሉ ነው፤ ከዘገየ ሌሊቱንም ይጨምራል። ስለዚህ ስንቅ ሳይዝ የሚሳፈር አልነበረም።

መተሐራ ከመግባታችን በፊት በሰቃ ሐይቅ ይመጣል። ይህን ሐይቅ ሳየው ደነገጥኩ። ከስልሳ ዓመት በፊት ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ውሃ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ለእርሻም ለመጠጥም አይሆንም። አስፋልቱም ሐዲዱም ከውሃው ለማምለጥ አፈር እየተደለደለላቸው ከፍ እንዲሉ ተደርጓል። ከውሃው ማዶ የፈንታሌ ተራራ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። በውሃው ዳር የደረቁ ዛፎች ግንዳቸው ብቻ ቀርቷል። አክስቴ፣ "በኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ደረቅ መሬት ነበር" ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መተሐራ የፍየል ጥብስ በላን። ለሁለታችን 120 ብር፤ እንጀራው ሲደመርም ያው ነው። አዲስ አበባ ያኔ በዚህ ዋጋ ግማሹ እንኳ አይገኝም ነበር። ማኪያቶ 8 ብር። ከዚያ በብሔራዊ ፓርኩ መሐል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አመሻሹ ላይ አዋሽ ገባን። ፓርኩ ውስጥ ሳላ እናያለን ብዬ በመስኮት አፍጥጬ ነበር፤ ከግመልና ከፍየል በስተቀር አላየሁም።

የካቲት 15፣ ዓርብ፦ አዋሽ ጣቢያ

ያደርነው ከጣቢያው አጠገብ ባለው አሮጌ ሆቴል፣ ቡፌ ዳዋሽ ነው። ለአንድ ክፍል 250 ብር። ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ግቢው ውስጥ ቡገንቪላ። ክፍሉ ቀላል ነው፦ አልጋ፣ አጎበር፣ ወንበር። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ቆላ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ሌሊቱ ይከብዳል። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተን እስከ አምስት ሰዓት ተጫወትን።

ይህ ቤት ለምን እዚህ እንደተሠራ ማወቅ ጣቢያውን ለመረዳት ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጃል። ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል። ስለዚህ ነጋዴው፣ ዲፕሎማቱ፣ ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ሁሉ አዋሽ ላይ አንድ ሌሊት ነበረው። ሦስት ቀን ዛሬ ረጅም ይመስላል። ከባቡሩ በፊት ግን የበቅሎና የግመል ጉዞ ስድስት ሳምንት ያህል ይወስድ ነበር።

ሥራው እንዲህ በቀላሉ አልመጣም። አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ቁፋሮው ከጅቡቲ የተነሣው በ1890፤ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895። ከዚያ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱን አዲስ አበባ ያስገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይህን ሁሉ በረሃ በእጅ የደለደሉት፣ ብረቱን በትከሻ የተሸከሙት ሰዎች ስማቸው የትም አልተጻፈም። እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ጠዋት ወደ ጣቢያው ወጣን። ከቡፌው በር ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። መሳፈሪያው አለ። የትኬት መሸጫው መስኮት አለ፤ መዝጊያው ተቆልፏል። በሐዲዶቹ መካከል ቁጥቋጦ በቅሏል። ፍየሎች ከአንድ የዛገ ፉርጎ ጥላ ሥር ተኝተዋል። ልጆች መሳፈሪያው ላይ በጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ። አንዲት ልጅ ጀበና ጥዳ ቡና ትሸጣለች፤ ሲኒው 5 ብር። አክስቴ ልጅቷ አጠገብ ያለውን ምሰሶ አሳየችኝና፣ "የኔ ቦታ እዚህ ነበር" አለች። ሻጮቹ ሁሉ የታወቀ ቦታ ነበራቸው። ማንም የማንንም አይነካም። ፊሽካው ከሩቅ ሲሰማ ሁሉም ሳህኑን ራሱ ላይ አድርጎ ይቆማል። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም በመስኮት መሸጥ ይጀመራል። መልስ ሳይሰጥ የቀረ ብር ካለ በሚቀጥለው ጉዞ ይከፈላል። "ብር ወስዶ የቀረ ሻጭ ከዚያ በኋላ እዚህ አይሸጥም" አለችኝ።

ቡናውን እየጠጣን ሳለ አንድ አዛውንት መጡ። ምድር ባቡር ውስጥ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። አክስቴ ስታያቸው ብድግ አለች። "ጋሼ፣ አላወቁኝም? የእንቁላሏ ልጅ ነኝ።" ቀስ ብለው አዩዋት። "የእናትሽ ቤት በስተግራ ነበር፤ የቆርቆሮ አጥር" አሉ። ከዚያ እንባ፣ መሳሳም፣ የሞቱትን መቁጠር። እኔ ቡና ጨመርኩ።

እሳቸው ጣቢያውን አዙረው አሳዩን። ማን የት ይቀመጥ እንደነበር፣ ስልኩ የት እንደነበር፣ ሁለት ባቡሮች እንዳይጋጩ አንዱ ጣቢያ ሌላውን እንዴት ያስፈቅድ እንደነበር አስረዱን። መስመሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው። ከሚቀጥለው ጣቢያ "መንገዱ ነፃ ነው" የሚል ቃል ሳይመጣ ማንም አይነሣም። ለዚህ ነው በየበረሃው ያ ሁሉ ትንንሽ ጣቢያ የተተከለው። አንዳንዱ መንደር የሌለው ቦታ ላይ ነው፤ የጣቢያ ሹሙ፣ ቤተሰቡና ጥቂት ሠራተኛ ብቻ ይኖሩበታል። ውሃውም በባቡር ይመጣላቸዋል። ጋሼ ይህን ሲያስረዱ አንድም ወረቀት አላዩም። ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ማንም መጥቶ ጠይቋቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "ፈረንጅ አንዳንዴ ፎቶ ያነሣኛል" አሉ።

ምሳ ሽሮና የጾም ፓስታ በላን፤ 90 ብር። ከሰዓት ወደ ሸለቆው አፋፍ ሄድን። አዋሽ ወንዝ ከታች፣ ጥልቅ ገደል ውስጥ ይሄዳል። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከእንግሊዝና ከአጋሮቿ ጦር ፊት ሲሸሽ እዚህ ያሉትን ድልድዮች አፍርሶ ነበር። በ1969 በሶማሊያ ጦርነት ጊዜም ከድሬዳዋ ወዲያና ወዲህ ያሉ ድልድዮች እየተመቱ መስመሩ ለወራት ተቋርጧል። ሁለቱንም ጊዜ ተጠግኖ ተነሥቷል።

አክስቴ ግን ገደሉን ስታይ ያሰበችው ጥር 1977ን ነው። ከድሬዳዋ የተነሣው የተሳፋሪ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ኩርባ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ። ፉርጎዎች ከመስመር ወጥተው ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በዚያ ዘመን በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ነው። አክስቴ በዚያ ሳምንት ታማ ድሬዳዋ ቀርታ ነበር። አብረዋት ከሚነግዱት ሴቶች ያልተመለሱ አሉ። ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራች። እኔ ከዚያ በፊት አንዱንም ስም ሰምቼ አላውቅም። በሄድንበት ሁሉ የሟቾቹን ስም የያዘ ድንጋይ ፈለግሁ፤ አላየሁም። ሊኖር ይገባል። ከ400 በላይ ሰው በአንድ ጊዜ የሞተበት ቦታ ምልክት ሊኖረው ይገባል፤ ስሞቹን የሚያስታውሱ ሰዎችም ገና በሕይወት አሉ።

ማታ ቡፌው በረንዳ ላይ እንደገና ተቀመጥን። ጋሼም መጡ። ያን ቤት ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ጣቢያው ተቆልፎ ሲያረጅ፣ አጠገቡ ያለው ቡፌ ግን ይኖራል። ልዩነቱ ሰው ነው። እዚህ ቡና ይፈላል፣ አልጋ ይነጠፋል፣ ጣሪያ ሲያፈስ የሚወጣ አለ። የተቆለፈ ቤት ቅርስ ነው ብለው ቢለጥፉበትም ይፈርሳል። የትኬት ቢሮውን ለሻይ ቤት፣ የሹሙን ቤት ለእንግዳ ማረፊያ፣ መጋዘኑን ለቤተ መጻሕፍት ብትሰጠው ከነታሪኩ ይቆማል። ቁልፉን ደግሞ እንደ ጋሼ ላሉ ሰዎች መስጠት ነው፤ በደመወዝ፣ በወግ።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ፦ በሚኤሶና በቁልቢ በኩል

ከአዋሽ በሚኒባስ ሚኤሶ፣ 50 ብር። ከዚህ በኋላ አስፋልቱና አሮጌው ሐዲድ ይለያያሉ። ሐዲዱ በቆላው በአፍደምና በኤረር በኩል ይቀጥላል፤ አስፋልቱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል።

ሚኤሶ ጣቢያ ብዙ አልቆየንም። ስልኬን ሳወጣ አንድ ዘበኛ ሮጦ መጥቶ "ክልክል ነው" አለኝ። ለምን እንደሆነ አላስረዳም። አክስቴ በኦሮምኛ አነጋገረችው፤ ማየት እንጂ ፎቶ የለም ተባልን። አየን። ሕንፃው ከአዋሹ ያነሰ ነው፤ ግንቡ ጠንካራ፣ ጣሪያው ላይ የጎደለ ቆርቆሮ። ከመሳፈሪያው ወዲያ ሐዲዱ አፈር ለብሶ ጠፍቷል።

ኤረርን ማየት እፈልግ ነበር። መኪናው ግን ሞልቶ እስኪነሣ ግማሽ ቀን እንደሚወስድ ሲነግሩን ተውነው። አክስቴ አዘነች። በእሷ ዘመን ኤረር ሲደርሱ ባቡሩ በፍራፍሬ ይሞላል፤ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ፓፓያ። አዲስ አበባ ለዘመድ የሚወሰደው ስጦታ የሚገዛው እዚያ ነበር።

አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ቁልቢ። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ሁለት ልጆች አስመለሳቸው። አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ከአዋሽ በኋላ ነፍስ ይዘራል። ተራራው ሁሉ ጫትና ማሽላ ነው። ይህን አቀበት ሲያዩ ሐዲዱ ለምን ሐረር እንዳልወጣ ይገባል። ወጪው አይቻልም ተባለና መስመሩ በግርጌው አለፈ። ባቡሩ የቆመበት ሜዳ ላይ ድሬዳዋ ተወለደች። ቁልቢ ገብርኤል በር ላይ ሾፌሩ ቆሞልን አክስቴ ተሳለመች። አመሻሽ ላይ ድሬ ገባን።

የካቲት 17 እና 18፦ ድሬዳዋ

እሑድን ለዕረፍትና ለምግብ ሰጠነው። ያረፍንበት ፔንሲዮን ውሃ አልነበረውም፤ በባልዲ አመጡልን። ቁርስ ፈጢራ ከማር ጋር 35 ብር። ማታ ወደ መጋላ ሰፈር ሄደን ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛን። ከዚራ ከዛፎቹ ሥር መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ፈረንሳዮች ለባቡር ሠራተኛ ብለው የነደፉት ሰፈር። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሲገቡ መንገዱ ይጠብባል፣ ይጠማዘዛል። በሁለቱ መካከል አሮጌ ሰማያዊ ፔዦ ታክሲዎች አሁንም ይመላለሳሉ።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያው ሄድን። ግንባሩ ላይ ስሙ በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጽፏል። ፈቃድ ጠይቀን ከፍለን ገባን። እዚህ ያለው ከአዋሽ በጣም ይለያል። ሎኮሞቲቮች ቆመዋል፤ ሰዉ ኦቶራይ የሚላቸው በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ የተሳፋሪ ፉርጎዎችም አሉ። ወርክሾፑ ውስጥ የብረት መቁረጫው፣ የመንኮራኩር ማስተካከያው፣ ማቅለጫው በየቦታው አለ። ያስጎበኙን ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ይቀላቅላሉ። መለዋወጫ ከውጭ መምጣት ሲያቆም ብሎኑንም መሸከሚያውንም እዚሁ ቀርጸው ይሠሩ እንደነበር ነገሩን። አንዱን ማሽን ከፍተው አሳዩን። ይሠራል። ዘይት ተቀብቷል። ለማን እንደሚቀቡት ስጠይቃቸው፣ "አቦ፣ ዝገት እረፍት የለውም" አሉኝ።

አክስቴ የአዋሹን ጋሼ ስም ጠርታ ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ያውቋቸዋል። ስልክ ደወልንላቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግማሽ ሰዓት አወሩ፤ የኔ ካርድ አለቀ፣ ደስ ብሎኝ ሞላሁ።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ፦ በአዲሱ ባቡር ወደ ቤት

የተመለስነው በአዲሱ ባቡር ነው። ጣቢያው ከድሬ ወጣ ያለ ነው፤ ባጃጅ ኮንትራት 150 ብር ጠየቀን፣ በ120 ተስማማን። ባቡሩ ንጹሕ ነው፣ አይንጥም፣ ይፈጥናል። አሮጌው ቀኑን የሚፈጅበትን መንገድ ይህ በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። አገሪቱ ያስፈልጋት ነበር፤ ይህን ሳልል ማለፍ ተገቢ አይደለም። አዋሽም ከዚህ አዲስ መስመር ተጠቃሚ ልትሆን ትችላለች። በኮምቦልቻ በኩል ሀራ ገበያ እንዲደርስ የተጀመረው 392 ኪሎ ሜትር መስመር የሚነሣው ከእሷ ነው።

ነገር ግን መስኮቱ አይከፈትም። ጣቢያው ላይ ሳህን የያዘ ልጅ የለም። አዋሽ ስንደርስ አክስቴ ከተማዋን በመስኮት ፈለገች፤ ጣቢያው ከከተማው ስለሚርቅ ቡፌውም መሳፈሪያውም አይታዩም። ጥቂት ሰው ወረደ፣ ጥቂት ተሳፈረ። ለመግዛት ያዘጋጀችውን ዝርዝር ብር ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። አዲሶቹ ጣቢያዎች አጠገብ ለሻጮች ጥላና መደብ መሥራት ከባድ ነገር አይመስለኝም። የከተማው ሰው ከባቡሩ የሚበላው ያን ጊዜ ነው።

አዋሽ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወቅት ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ አይቻልም። ጠዋት ወደ ጣቢያው ውጡ። መሳፈሪያው ላይ ቡና የምትሸጠዋን ልጅ አዛውንቱ የት እንዳሉ ጠይቋት፤ ቤታቸው ሩቅ አይደለም። ቡናውን እናንተ ጋብዙ፤ መቅጃ ስልክም ያዙ፣ ጊዜም ይኑራችሁ። እኔ ከመቶ አንዱን እንኳ አልጻፍኩም። ለፋሲካ ከአክስቴ ጋር ልንመለስ ተስማምተናል፤ የሟቾቹን ስም ከሳቸው ጋር ቁጭ ብለን እንመዘግባለን።